የቀኙ ወንበር

ታውኖ ኬስቲ የሞተው በየካቲት ነው፤ የቀበርነው ግን በግንቦት። በእኛ አገር በበረዶ ወራት መሬቱ ስለሚጠነክር መቆፈሪያ አይገባውም። ሟቹ በመቃብሩ ጥግ ባለችው የድንጋይ ቤት፣ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ በረዶው እስኪቀልጥ ይጠብቃል። ሚስቱ ሄልቪ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ መዳፏን በዚያች ቤት በር ላይ አሳርፋ ትንሽ ትቆም ነበር። እኔም በበረዶ መጥረጊያ መኪናዬ በዚያ በኩል መንገድ እየጠረግሁ ስደርስ የመጥረጊያውን ብረት ከፍ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ብረቱ አስፋልት ሲፍቅ ይጮኻል። እንዳይረብሸው ብዬ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሄልቪ ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣኝ፣ "የቤቱን ታውኖ እኔ አውቀዋለሁ፤ የጋራዡን ግን አንተ ነህ የምታውቀው። ስለዚያ ምንም አይነግረኝም ነበር። ጻፍልኝ" አለችኝ። ይኸው ጻፍሁላት።

በወረዳችን የመንገድ ጋራዥ እያንዳንዱ የበረዶ መጥረጊያ ሹፌር የራሱ መንገድ አለው። አንዴ ከተሰጠህ ጡረታ እስክትወጣ ያንተ ነው። የትኛው ድልድይ መጋጠሚያው ወጣ ብሎ ብረቱን እንደሚነክስ፣ የማን የፖስታ ሣጥን ወደ መንገዱ እንደተጠጋ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ በረዶውን የት አምጥቶ እንደሚቆልለው ታውቃለህ። የምታውቀውን ለማንም አትናገርም፤ የሚጠይቅህም የለም። ሹፌርን ስለ መንገዱ መጠየቅ የሚስቱን ዕድሜ እንደ መጠየቅ ያለ ነውር ነበር።

የታውኖ መንገድ የሳሎ መንገድ ይባላል። ከሁላችንም መንገድ ክፉው እሱ ነው። ጥድ ጫካውን አቋርጦ ይወጣና የሐይቁን ዳር ይዞ ይጠማዘዛል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤት አውቶቡሳችን ከታውኖ መኪና ኋላ ነበር የሚጓዘው።

መሬቱ ሳይጠነክር፣ በመከር፣ ሁላችንም በየመንገዳችን ዳር ረጃጅም ችካል እንተክላለን። በረዶው ሁሉን እኩል ነጭ ሲያደርገው መንገዱ የት እንደሚያልቅ የሚነግረን ችካሉ ነው። አተካከሉ ግን እንደ ሰዉ ነበር። ድዌይን የሚባለው ጓደኛችን አስፋልቱ ጫፍ ላይ ይተክላል። ታውኖ ደግሞ ከመኪናው ጎን የሚዘረጋው፣ ክንፍ የምንለው ብረት እንዳይሰብርበት ብሎ ከውሃ መውረጃው ቦይ ማዶ ይተክላል። አንድ ጊዜ ታውኖ በጉንፋን ተኛና ድዌይን መንገዱን ሸፈነለት። ድዌይን የታውኖን ችካል በራሱ ልማድ አነበበው። ተጠግቶት ሲነዳ ከነመኪናው ቦዩ ውስጥ ተጋደመ።

"ችካል ከቦይ ማዶ የሚተክል ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ ድዌይን ጋራዥ ተመልሶ፣ ከቦት ጫማው ውሃ እየደፋ።

"ቦይና መንገድ መለየት የሚችል ሰው" አለው ታውኖ። ወሬውን ሰምቶ ከአልጋው ተነሥቶ መጥቶ ነበር፤ ሳሉ እስኪያንቀው ሳቀ።

ግሌንዳ አለቃችን የሆነችው በዚያ ሰሞን ነው። አባቷ የታውኖ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ከጎማ ጎማ እየዘለለች ነው ያደገችው። ድዌይንን ትቆጣዋለች ብለን ስንጠብቅ እሷ ምሳችንን ከምንበላበት ጠረጴዛ ጫፍ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ጥፋቱ የድዌይን አይደለም፤ የታውኖም አይደለም" አለች። "ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ጣሪያ ሥር ሠርተው አንዱ የሌላውን ችካል ማንበብ አለመቻሉ ነው የገረመኝ። ከእንግዲህ በረዶ በማይጥልበት ቀን አንዳችሁ ከሌላችሁ ጋር በቀኙ ወንበር ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ። አርብ አርብ ደግሞ ምሳ ላይ እያንዳንዳችሁ ስለገዛ መንገዳችሁ የማታውቁትን አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ።"

"የምናውቀውን ማለትሽ ነው" አለ ድዌይን።

"የምታውቁትንማ ስትኩራሩበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የማታውቁትን ነው የምፈልገው።"

"ቦርሳና እርሳስ እንያዝ?"

"አንተስ መዋኛ ልብስ ያዝ" አለችው ግሌንዳ።

ሁላችንም ሳቅን። ታውኖ ግን አልሳቀም። ሄልቪ የጋገረችለትን ሥጋና ድንች የተጠቀለለበትን ፓስቲ ወረቀቱን መልሶ ሸፈነው፣ ፔርሙዙን በብብቱ ሸጎጠና መኪናው ውስጥ ሄዶ በላ።

ሲመሽ ወደ ቤት ልንሄድ ስንል በር ላይ ያዘኝ። "ለሮይ፣ አንተ ይሄን ነገር እንዴት አየኸው?"

"ክፋት የለውም። ሌላ ባይሆን የድዌይንን ወሬ መኪና ውስጥ መስማት ነው።"

"ክፋት የለውም" ብሎ ደገመው። "መንገዴ እንጀራዬ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም የማያውቀውን ስለማውቅ ነው ሰው የሆንኩት። ሁሉም ያወቀው ቀን እኔን ምን ያደርጉኛል?"

እኔም ብሆን የምፈራው ይህንኑ ነበር። አልነገርኩትም እንጂ። አለቃ "የምታውቀውን አካፍል" ሲልህ፣ ካካፈልክ በኋላ በእጅህ ምን እንደሚቀር አይነግርህም።

የመጀመሪያዎቹ አርቦች በቀልድ አለፉ። ድዌይን፣ "በመንገዴ መጨረሻ ያለችው ሴትዮ ባለፍኩ ቁጥር እጇን ታወዛውዝልኛለች፤ ሰላምታ ይሁን ፍቅር አላውቅም" አለ። ግሌንዳ በማግስቱ አብራው ወጣችና መኪናውን አስቁማ ሴትዮዋን ጠየቀቻት። ለካ ሴትዮዋ፣ "ስታልፍ መግቢያዬን በበረዶ አትድፈንብኝ" ስትል ነው የከረመችው። ድዌይን ያን ሳምንት ሙሉ መሳቂያ ሆነ፤ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ሲደርስ ብረቱን አዙሮ ማለፍ ጀመረ፤ እኛም መሳቃችንን ሳንተው የየራሳችንን መግቢያዎች ማየት ጀመርን።

አንድ አርብ የግሌንዳ ተራ ሲደርስ፣ "እኔ ደግሞ ታውኖን እንዴት እዚህ ወንበር ላይ እንደማስቀምጠው አላውቅም" አለች። በመስኮቱ መኪናው ይታያል። እሱ ውስጥ ተቀምጦ ያላምጣል።

እና ድዌይን ቦዩ ውስጥ ከተጋደመ ከዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ መግቢያ ላይ ታውኖ ራሱ መጣ። መኪናዬን ነዳጅ ስሞላ አጠገቤ ቆመና፣ "ነገ ከእኔ ጋር ትወጣለህ" አለኝ።

"ግሌንዳ አሸነፈችህ ማለት ነው?"

"ትመጣለህ አትመጣም? ወሬ አታብዛ።"

ደስ አለኝ። በዚያ ወንበር ላይ ማንም ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ጥቂት እንደሄድን በጎኑ ያለውን መስኮት ከፈተው፤ ብርዱ እንደ ጥፊ ገባ።

"ምነው፣ ሄልቪ የቀብር ልብሷን እንድታወጣ ነው?" አልኩት።

"ዝም በልና አዳምጥ።"

አዳመጥኩ። ብረቱ አስፋልት ላይ ሲሄድ ያፏጫል፤ ወደ ዳር ወጥቶ ጠጠር ሲነካ ድምፁ ይጎረብጣል። በጥዱ ጫካ መሐል ስናልፍ ጩኸቱ ከዛፎቹ ተመልሶ ይመጣል፤ ሜዳው ጋ ስንደርስ ደግሞ የሆነ ቦታ ሄዶ ይጠፋል። ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው መሆኑን አየሁና ተገረምኩ። ሊያስተምረኝ የጠራኝ መሰለኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። "የኒሚዎች መኪና ከግቢ ወጥቷል?" "አልወጣም።" ትንሽ ቆይቶ፣ "ከፊታችን የሚመጣ አለ?" "የለም። ምነው፣ አይታይህም?" "አንተን ነው የጠየቅሁት።" እንደገና ደግሞ፣ "እዚያ ጋ ያለው ምንድነው?" "የቱ ጋ?" "ከፊት።" "ምንም የለም፤ መንገድ ነው።"

ከኮረብታው ስንወርድ ወይዘሮ ኒሚ ቀይ ካፖርቷን ለብሳ የፖስታ ሣጥኗን ከበረዶ ታወጣለች። ቆማ የነበረችው መንገዱ ላይ ነው። ያያታል ብዬ ጠበቅሁ። ሊቀንስ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልቀነሰም።

"ታውኖ! ሰው አለ! ሰው!"

ፍሬኑን ረገጠው። መኪናው ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ ከሣጥኑ ትንሽ መለስ ብሎ ቆመ። ወይዘሮ ኒሚ ከነአካፋዋ ወደ ኋላ ተቀምጣ በረዶው ላይ ወድቃለች። ወርጄ አነሣኋት።

"አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል እንዴ?" ብላ አካፋዋን ወደ መስኮቱ ነቀነቀችበት። "ከዚህ የበለጠ ቀይ ነገር ልልበስልህ?"

ታውኖ እጁን አነሣላት። ተመልሼ ስገባ ሞተሩን አጥፍቶት ነበር። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

"ካለፈው ፀደይ ጀምሮ ነው" አለ። "ዳር ዳሩን አያለሁ፤ ችካሎቹን አያለሁ። መሐሉ ነው የሌለው። አሁን አንተን ቀጥ ብዬ ሳይህ ጆሮህ አለ፣ ፊትህ የለም።"

"ሄልቪስ?"

"ቡና ከስኒው ውጪ ስቀዳ አይታ አወቀች። አቁም ትለኛለች፤ ይህን የበረዶ ወራት ብቻ እላታለሁ።"

"እኔን የጠራኸኝ..."

"ለዓይንህ ነው።"

 ወይዘሮ ኒሚ ሣጥኗን አውጥታ ጨርሳ፣ ለምን እንደቆምን ገርሟት ታየናለች።

"ትናገርብኛለህ?" አለኝ።

"ከዚህ ወዲያ አትነዳም፤ ይሄን እወቅ። መናገሩን ግን አንተ ብትናገረው ይሻላል።"

"ከተናገርኩ ቁልፌን ይወስዱታል።"

"አዎ።"

"ከዚያ እኔ ምንድነኝ?"

ታውኖ በሩን ከፈተ። ወርዶ በመኪናው ፊት ዞረ፣ አንድ እጁን ብረቱ ላይ እያስነካ። እኔ ወደ ግራ ተሻገርኩ፤ እሱ በቀኝ ገብቶ በሩን ዘጋ። የሳሎ መንገድን ለመጀመሪያ ጊዜ የነዳሁት ያን ቀን ነው። እስከ ጋራዥ ድረስ፣ "ቀንስ፣ ድልድዩ መጣ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

አርብ ከእኛ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ድዌይን ወንበሩን በእጅጌው ጠረገለትና፣ "እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ" አለው። ተራው ሲደርስ ታውኖ ፓስቲውን አልነካም ነበር።

"እኔ" አለ፣ "በመንገዴ ላይ ከፊቴ ምን እንዳለ አላውቅም።"

ድዌይን ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ከዚያ የእኔን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። ታውኖ ዓይኑ ምን እንደሆነ፣ ወይዘሮ ኒሚ ጋ ምን ሊያደርግ እንደነበር ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ከሰናፍጩ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጠው። ማንም አልነካውም።

"ለምን ዛሬ ነገርከኝ?" አለችው ግሌንዳ።

"ጥያቄሽ ይሄው አይደል? እኔን ሰው የሚያከብረኝ በማውቀው ነው። የማላውቀውን የት ልናገረው?"

 ቀድሞ የመለሰለት ድዌይን ነው።

"እኔ ቦይ ውስጥ ስጋደም ግን አንጀትህ እስኪርስ ስቀሃል።"

"ያኔ ደህና ነበር ዓይኔ። እግዜር ይመስገን፣ ያቺን ሳላያት አላሳወረኝም።"

ሳቅን፤ ሳቁ ውስጥ ግን ዓይኑን ያበሰ አለ። ግሌንዳ ቁልፉን አንሥታ ያዘችው። ልትመልስለት እንደማትችል እሱም እኛም እናውቅ ነበር።

ድሮ ክንፉን የሚያወጣና የሚመልስ ሁለተኛ ሰው በቀኙ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ክንፉ በአዝራር መሥራት ሲጀምር ያ ሥራ ቀረ። ግሌንዳ የወረዳው ቦርድ ፊት ሄዳ ያንን የቀረ ሥራ መልሱልኝ አለች። እስከ ፀደይ ብቻ ብለው ፈቀዱላት።

"ሻንጣ ልታደርጊኝ ነው?" አላት ታውኖ።

"ሻንጣ አይሳደብም" አለችው።

ከእያንዳንዳችን ጋር በተራ መውጣት ጀመረ። ደስ ብሎት ነው አልልም። የመጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የቁልፍ መስቀያው ፊት ይቆምና የእሱ ቁልፍ የነበረበትን ምስማር ይዳስሳል። አንዳንዴ እጁ ሳያስበው ወደ መሪው ይሄድና መልሶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። የእሱን መንገድ ለሁላችንም አሳየን፤ መስኮት ከፍቶ ማዳመጥን፣ ድልድዩን፣ ሁሉን። የፈራው ደረሰ፤ ሁሉም አወቀው። ግን ያልጠበቀው ሌላ ነገር መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከሳሎ መንገድ በቀር ሌላ መንገድ አያውቅም ነበር፤ አሁን የሁላችንንም መንገድ በጆሮው ይማራል። ማክሰኞ ከአንዱ የሰማውን ረቡዕ ለሌላው ያደርሳል፤ "እሱ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አንተ ለምን እንዲያ አታደርግም?" ይላል። ጥር ላይ ጠዋት ጠዋት ክርክር ነበር። "ዛሬ የእኔ ተራ ነው።" "ትናንትናም ወስደኸው ነበር።" እሱ ካፖርቱን እየቆለፈ፣ "ጨረታ አውጡብኝ እንጂ" ይላል፤ ግን ጥርሱ ይታያል።

ከሳሎ መንገድ ሁሉ የምንጠላው ከሐይቁ በላይ ያለውን ኩርባ ነው። በአንድ ወገኑ ባዶ ሜዳ አለ። ነፋሱ ከሐይቁ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ በረዶውን እመንገዱ ላይ ይጥለዋል፤ ጠርገህ ሄደህ ስትመለስ እንዳልጠረግህ ነው። ታውኖ ይነዳ በነበረ ጊዜ ሁልጊዜ በረዶውን በሌላው ወገን ወደ ጫካው ይገፋዋል፤ ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። መንገዱ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል ይላል።

ድዌይን በድንች እርሻዎች መሐል ነው የሚጠርገው። እሱ ገበሬውን አስፈቅዶ እርሻው ውስጥ፣ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ፣ በረዶውን እንደ ግድግዳ ይከምራል። ነፋሱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይሰንፍና የተሸከመውን እዚያው ይጥላል። ይህን በቀኙ ወንበር ተቀምጬ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ከታውኖ ጋር ኩርባው ጋ ስንደርስ፣ "እዚህስ ብንሞክረው?" አልኩት።

"የድዌይንን የድንች ጨዋታ?"

"ሜዳው ያው ሜዳ ነው።"

"እኔ ሳላውቀው ድዌይን ያወቀው ነገር ካለ ዛሬውኑ ቅበሩኝ።"

እንዲህ እያለ ግን የሜዳውን ባለቤት ደውሎ ያስፈቀደው ራሱ ነው። መሬቱ ጠንክሮ ስለነበር መኪናው አልሰጠመም። እሱ ግድግዳው ከመንገዱ እንዳይቀርብ በጆሮው እየለካ፣ "ራቅ፣ ራቅ፣ እዚያ ጋ" እያለ አስከመረኝ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ሌሊቱንም ጠዋቱንም ነፈሰ። ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ኩርባው ላይ ብረቱ ያፏጭ ጀመር። በዚያ ቦታ ያንን ድምፅ ሰምተን አናውቅም። ታውኖ እጁን አነሣ። አቆምኩ። ወርዶ አስፋልቱን በጫማው ጫፍ ፈተገው፤ ጎንበስ ብሎ ጓንቱን አወለቀና በመዳፉ ዳሰሰው። በሜዳው ላይ በረዶው ከግድግዳው ኋላ ተኝቷል። ያንን በረዶ በዳር ዓይኑ ለማየት ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ይህን ሁሉ ዘመን" አለ፣ "ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ..." ቀሪውን አልጨረሰውም። ነፋሱ ካፖርቱን እያውለበለበው ብዙ ቆመ። የተከፋ መስሎኝ ልጠራው ስል እየሳቀ ነበር።

"አርብ ለድዌይን በራሴ አፍ ነው የምነግረው" አለኝ ሲገባ። "አንተ እንዳትቀድመኝ። ስነግረው ፊቱን ላየው ስለማልችል ግን አንተ እይልኝ።"

ለአርብ አልደረሰም። ረቡዕ ጠዋት ሄልቪ ቡናውን ይዛ ስትመጣ አልጋው ላይ ልቡ ቆሞ አገኘችው።

አርብ ማንም ምሳውን አልከፈተም። ግሌንዳ ጥያቄዋን ሳትጠይቅ ተቀመጠች። እኔ ስለ ኩርባው ተናገርኩ፤ ታውኖ ያለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል። ድዌይን ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ አዳመጠኝ። ታውኖ እንዳዘዘኝ የድዌይንን ፊት አየሁ።

"እሱ ነው ያለው?" አለ ድዌይን። "በገዛ አፉ?"

"በገዛ አፉ።"

ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ፣ "ግድግዳውን ከመንገዱ ምን ያህል ራቅ አደረጋችሁት?" ብሎ ጠየቀ።

"አንተ እንደምታደርገው ያህል።"

"ያ ሜዳ እኮ ከእኔ እርሻ ይሰፋል፤ ነፋሱም ይከፋል። ትንሽ ቢርቅ ይሻላል መሰለኝ።" ራሱን አረመ። "መሰለኝ ነው እንጂ አላውቅም።"

ግሌንዳ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አቀረበች። አንዱ የጨውና የበርበሬውን ዕቃ አንሥቶ ይሄ መንገዱ፣ ይሄ ግድግዳው ብሎ ደረደረ። ሌላው አይደለም፣ ኩርባው እንዲህ ነው ብሎ አዞረው። ስንከራከር ምሳ ሰዓት አለፈ።